ሁለቱንም የሰማ ጆሮ

ራያ ቆቦ ሲነሣ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ማሽላውና ጎፈሬው ነው፡፡ ደም ያቃባቸውን ወገኖች የሚያስታርቀው «ዘወልድ» የተባለው የሽምግልና ሥርዓትም ስሙ የታወቀ ነው፡፡ እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ከደም ያነሰ የሚመስለውን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድረውን የባልና የሚስት ጠብ ነው፡፡

ሽማግሌ ባልና ሚስት ሊያስታርቅ ሲገባ ባልን ለብቻ፣ ሚስትን ለብቻ ይሰማል፡፡ ያንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርሰው እሾሁን ነቅሎ ነው፡፡ በመጨረሻም ፊት ለፊት አስቀምጦ ያነጋግራቸዋል፤ ያጠፋውን ያስክሳል፤ ዋስ ያስጠራል፡፡

ይህን ልማድ መንግሥትም ተቀብሎት ነበር፡፡ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የባልና ሚስትን ጠብ፣ ፍቺን ጨምሮ፣ መጀመሪያ ወደ ቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ይመራ ነበር፡፡ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ቀጥሎም የአማራ ክልል የ1995 ዓ.ም. ሕግ፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጡ፤ ለሽማግሌ የቀረው ማስታረቁ ነው፡፡ ለውጡ ያለ ምክንያት አልመጣም፡፡ ጉዳዩ በሽማግሌዎች እጅ ይጓተት ነበር፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡትም በአብዛኛው ወንዶች ነበሩና የተደበደበች ሚስት «ቻዪው» ተብላ የተመለሰችበት ቀን ጥቂት አይደለም፡፡

እንግዲህ ዛሬ ሌላ ሸምጋይ መጥቷል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል፡፡ ነገሩ ግን ዛሬ የተጀመረ አይደለም፡፡ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለ የአሜሪካ ምሁር «ኤላይዛ» የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይፋ አደረገ፡፡ ለናሙና ያሳተመው ጭውውት አንዲት ወጣት ስለ ወንድ ጓደኛዋ የምታሰማው ብሶት ነበር፡፡ ኤላይዛ የሰማችውን ወደ ጥያቄ ገልብጣ ከመመለስ ያለፈ አታውቅም፤ ሆኖም የዋይዘንባም ጸሐፊ ራሷ ከመሣሪያው ጋር ስትጫወት እሱን ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው፡፡ ሰውየው በዚህ ደንግጦ ኋላ በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ አስጠነቀቀ፡፡ በ2022 መጨረሻ «ቻት ጂፒቲ» ብቅ ሲል ግን ማሽኑ ምክር የሚጽፍ፣ አማርኛም የሚሞካክር ሆኖ ነበር፡፡

እኔም ሞከርሁት፡፡ ሳልነግራት ለወንድሜ በላክሁት ብር ከባለቤቴ ተኳርፈን ሳለ ጠቡን ጽፌ ለስልኬ አቀረብሁለት፡፡ በጨዋ ቃል አባበለኝ፤ እውነትም ወደ እኔ አዘነበለ፡፡ ባለቤቴ ስልኩን ተቀብላ የራሷን ጻፈች፤ ወደ እሷም አዘነበለ፡፡ እኔን ያስደነገጠኝ መልሱ ሳይሆን የእሷ ጽሑፍ ነው፡፡ ያ ብር እናቷን ለማሳከም ያስቀመጠችው ኖሯል፤ ይህን አፍ አውጥታ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም፡፡

ታዲያ መሣሪያው ከንቱ ነው አልልም፡፡ ሌሊት የሚሰማት ዘመድ ለሌላት ሴት፣ ወይም «ቻዪው» እንዳይሏት ለምትፈራ፣ የባል ወገን ያልሆነ ጆሮ ቀላል ነገር አይደለም፡፡ ቁጣን አለስልሶ ለመጻፍም ያግዛል፡፡ ዋስ ግን አይጠራም፤ በነጋታውም ደጅ መጥቶ «እንዴት አደራችሁ?» አይልም፡፡

ቆቦ ላለችው አክስቴ ነገሩን በስልክ ባጫውታት «ልጄ፣ የሚስትህን ቃል ሳይሰማ ነው የፈረደልህ?» አለችኝ፡፡ «አዎ» አልኋት፡፡ «እንግዲያ ሽማግሌ አይደለም» አለችና ስለ ዝናቡ ታወራኝ ጀመር፡፡