«ኦሉጋምቦ»፦ በኡጋንዳ የማኅበራዊ ሚዲያ ግብር ታሪክ ውስጥ የአንድ ቃል ድርሻ

እ.ኤ.አ. በማርች 2018 የኡጋንዳው ፕሬዚዳንት ዮዌሪ ሙሴቬኒ ለገንዘብ ሚኒስትራቸው አንድ ደብዳቤ ጻፉ። ለትምህርት፣ ለምርምርና ለማጣቀሻ የሚውል ኢንተርኔት ከግብር ነጻ ሆኖ ይቆይ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚናፈሰው «ኦሉጋምቦ» ግን ግብር ይከፈልበት የሚል ነበር። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን ቃሉ የሉጋንዳ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ ይህ ቃል ያሰመረው ድንበር በሁለት ዓይነት የኢንተርኔት አጠቃቀሞች መካከል ብቻ ሳይሆን በቋንቋዎችም መካከል እንደ ነበረ፣ ድንበሩን ለማፍረስ የተነሡት ተራ ተጠቃሚዎችም ከፊሉን ብቻ እንዳፈረሱት ነው።

«ኦሉጋምቦ» በተለመደው ፍቺው ሐሜት፣ አሉባልታ ማለት ነው። የወጣው «ኦኩጋምባ» ከሚለው ግስ ሲሆን የግሱ ትርጉም መናገር፣ መንገር ነው። የያዘው መነሻ ቅጥያ «ኦሉ-» የ11ኛው የስም መደብ ምልክት ነው፤ ይኸው ቅጥያ «ኦሉጋንዳ» እና «ኦሉንጌሬዛ»፣ ማለትም እንግሊዝኛ፣ እንደሚሉት ያሉትን የቋንቋ ስሞች ይመሠርታል። ስለዚህ በሰዋስው ረገድ ሐሜትና ቋንቋ የአንድ መደብ ስሞች ናቸው። የአማርኛ አንባቢም ለዚህ ዝምድና እንግዳ አይደለም። «አወራ» ያለ ነቀፋ የሚነገር ግስ ነው፤ «ወሬ» እንደ አገባቡ ዜናም፣ ጭውውትም፣ አሉባልታም ይሆናል፤ «ወሬኛ» ሲባል ግን ስድብ ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች ንግግርን መሰየምና ንግግርን መንቀፍ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ የትኛው እንደ ታሰበ የሚለየው ዐውዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን የመለየቱ ሥራ ለሕግ ተሰጠ።

በተሻሻለው የኤክሳይስ ታክስ ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ዋትስአፕን፣ ፌስቡክን፣ ትዊተርንና መሰሎቻቸውን የሚጠቀም ሰው በቀን 200 የኡጋንዳ ሽልንግ እንዲከፍል ተደነገገ። በየቀኑ ለሚጠቀም ሰው ይህ በዓመት 73,000 ሽልንግ ይሆናል። ሕጉ አገልግሎቶቹን «ኦቨር ዘ ቶፕ» ስላላቸው ሕዝቡ ግብሩን በምሕጻሩ «ኦቲቲ» ብሎ ጠራው። ለዳታ የከፈለ ሰው የቀኑን 200 ሽልንግ ካልጨመረ ሌሎች ገጾች ይከፈቱለታል፤ ዋትስአፕ ግን አይሠራለትም። የሕግ ምሁሩ ቲም ው እ.ኤ.አ. በ2003 ስም ያወጡለት የኢንተርኔት ገለልተኝነት መርሕ፣ አገልግሎት አቅራቢው የሚያስተላልፈውን ሁሉ በእኩል ዓይን እንዲያይ ይጠይቃል። በሌሎች አገሮች ክርክር መርሑን ይጥሳሉ ተብለው የሚፈሩት በአብዛኛው ኩባንያዎች ናቸው፤ በኡጋንዳ ግን ኩባንያዎቹ አንዱን አገልግሎት ከሌላው እንዲለዩ ያስገደዳቸው የግብር ሕግ ነው።

ይህ የቋንቋ አጥኚን ለምን ይመለከተዋል? በኡጋንዳ ለትምህርትና ለማጣቀሻ የሚሆነው የኢንተርኔት ጽሑፍ ከሞላ ጎደል በእንግሊዝኛ የቀረበ ነው፤ የከፍተኛ ክፍሎች ትምህርትም ሆነ ፓርላማው የሚሠራው በዚያው ቋንቋ ነው። ሉጋንዳ፣ አቾሊ፣ ሩንያንኮሌና አቴሶ በኢንተርኔት ላይ በዋናነት የሚኖሩት በጭውውት ውስጥ ነው፤ በቡድን መልእክት፣ በቀልድ፣ በተለይም በድምፅ መልእክት። የድምፅ መልእክት የአፍ መፍቻ ቋንቋውን መጻፍ ያልለመደውን ተናጋሪ ሳይቀር ያሳትፋል። ስለዚህ ማጣቀሻን ነጻ አድርጎ ጭውውትን ማስከፈል፣ ሕግ አውጪው አሰበውም አላሰበውም፣ ለእንግሊዝኛ በር ከፍቶ በአገሬው ቋንቋዎች ደጅ ኬላ ማቆም ነበር።

ተቃውሞው ፈጥኖ ተደራጀ። በዚያው ሕግ በሞባይል በሚዘዋወር ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ግብር ተጥሎ ስለ ነበር፣ ጉዳዩ የተማረው የከተማ ወጣት ብቻ ሳይሆን የገበያ ነጋዴውና የቦዳ ቦዳ ሞተረኛውም ሆነ። «ይህ ግብር ይቅር» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ሃሽታግ ተሠራጨ፤ ብዙዎች ቪፒኤን ጭነው ግብሩን ዘለሉት፤ የዲጂታል መብት ተሟጋቾች ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረቡ። ጁላይ 11 ቀን ዘፋኙና የፓርላማ አባሉ ቦቢ ዋይን ከጋዜጠኞችና ከወጣቶች ጋር በካምፓላ ሰልፍ ወጣ፤ ፖሊስም ሰልፉን በአስለቃሽ ጭስ በተነው። የሞባይል ገንዘብ ግብሩ በዚያው ዓመት ወደ 0.5 በመቶ ዝቅ ብሎ በሚወጣ ገንዘብ ላይ ብቻ ተወሰነ። ኦቲቲ ግን ጸና።

ቢጸናም የታሰበውን አላስገኘም። የአገሪቱ ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን ባወጣው አኃዝ መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የኢንተርኔት ደንበኞች ቁጥር ከ2 ሚሊዮን በላይ ቀነሰ። በመጀመሪያው የበጀት ዓመት 284 ቢሊዮን ሽልንግ ይሰበሰባል ተብሎ የተሰበሰበው 49.5 ቢሊዮን ገደማ ነበር። በመጨረሻም በጁላይ 2021 ኦቲቲ ተሽሮ በዳታ ላይ የ12 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ ተተካ።

አዲሱ ግብር ዋትስአፕን ከሌላው ገጽ አይለይም፤ በዚህ በኩል ተቃዋሚዎቹ ያነሡት የእኩልነት ጥያቄ መልስ አግኝቷል። ሆኖም ጫናው በዳታ ገዢው ሁሉ ላይ ዐረፈ። በዚያው ዓመት በጃንዋሪው ምርጫ ሳምንት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለቀናት ተቋርጦ እንደ ነበርም መዘንጋት አይገባም። ከዚህ ሌላ፣ ለሕክምናና ለትምህርት አገልግሎት የሚውል ዳታ ከአዲሱ ግብር ነጻ ተደርጓል። የነጻነቱን በጎነት የሚቃወም አይኖርም፤ ነገር ግን የደብዳቤው መለያ «ኦሉጋምቦ» የሚለው ቃል ከተረሳ በኋላም በከፊል መትረፉን ልብ ይሏል።

አንዲት አያት ለልጅ ልጃቸው በአቾሊ በድምፅ የሚልኩት ተረት በየትኛው ወገን ይመደባል? ትምህርት ነው ወይስ ወሬ? ሙያችን ንግግርን የጽሑፍ ጥላ አድርጎ ማየትን ከተወ አንድ መቶ ዓመት አልፎታል። የታሪፍና የግብር ረቂቅ ለውይይት ሲቀርብ ግን የሚደመጡት በአብዛኛው የሕግና የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ናቸው። እኛም ገብተን ልንመሰክር ይገባል፤ ሕጉ ጭውውት ብሎ ያስከፈለበት ነገር፣ እኛ የቋንቋ መረጃ ብለን ቀድተን የምናስቀምጠው ነውና።