የነጩ ገጽ ዝምታ

የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራሙ ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር፣ ድረ ገጹ ላይ አዲስ ነገር መጨመር የፈለገ ሰው የዋናውን ፕሮግራም ፋይል ከፍቶ ራሱ መነካካት ነበረበት። አዲስ እትም በጫነ ቁጥር ደግሞ ልፋቱ ሁሉ ይደመሰስ ነበር። በ2004 የወጣው 1.2 እትም ለዚህ መላ አመጣ፤ ፕለጊን የሚባለውን ተጨማሪ ኮድ ዋናው ፋይል ሳይነካ መሰካት ተቻለ። ነገር ግን ፕለጊኖቹ ሁሉ የሚሠሩት አንድ ቤት ውስጥ ነው፤ በመካከላቸው ግድግዳ የለም። አንዱ የሌላውን መረጃ ያነባል፣ ይለውጣል። ሁለቱ ለየራሳቸው ፈንክሽን አንድ ዓይነት ስም ከሰጡ ደግሞ ዎርድፕረስ የተጻፈበት ቋንቋ ፒኤችፒ ሥራውን እዚያው ያቆማል፣ ገጹም አብሮ ይወድቃል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በፕለጊን ሠሪዎች ስንፍና ይመካኛል። ስንፍና የለም አይባልም፤ ታሪኩ ግን ሌላም ያሳያል። የስም ግጭትን የሚከላከለው ስልት በ2009 ከፒኤችፒ 5.3 ጋር ቢመጣም፣ ዎርድፕረስ እስከ 2019 ድረስ ፒኤችፒ 5.2.4ን ይቀበል ነበር። ስለዚህ ፕለጊኑ በሁሉም ዘንድ እንዲሠራ የፈለገ ባለሙያ በስልቱ መጠቀም አይችልም ነበር፤ የቀረው ዋና አማራጭ ለስሞቹ ረጃጅም ቅድመ ቅጥያ መስጠት ነበር። በ2020 ደግሞ የዎርድፕረስ 5.5 እትም ለአሮጌ የጄኩዌሪ (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ኮድ ድጋፍ ይሰጥ የነበረውን ፋይል መጫን ሲያቆም፣ ለዓመታት ሲሠሩ የኖሩ ፕለጊኖች አንድ መስመር ሳይለወጥባቸው ተበላሹ። የዎርድፕረስ ሰዎች ራሳቸው ድጋፉን የሚመልስ ፕለጊን ማውጣት ግድ ሆነባቸው። ታዲያ ግድግዳው ከመጀመሪያው ለምን አልተሠራም የሚል ይኖራል። ግድግዳ ቢኖር ፕለጊን እንዳሻው የገጹን መልክና ሥራ መለወጥ አይችልም ነበር፤ ዎርድፕረስን ያስፋፋው ደግሞ ይኸው ነጻነት ነው። ግጭቱን እንደ ነጻነቱ ዋጋ እቀበለዋለሁ።

የማልቀበለው ዝምታውን ነው። ኮዱ ሲሰበር ለዓመታት ባለቤቱም ጎብኚውም የሚያዩት ባዶ ነጭ ገጽ ነበር። ባለቤቱ ፕለጊኖቹን ሁሉ አጥፍቶ አንድ በአንድ ያበራል፤ የአስተዳዳሪው ገጽም ካልከፈተለት በፋይል ማስተላለፊያው ኤፍቲፒ ገብቶ የፕለጊኖቹን ፎልደር ስም ይቀይራል። ይህ አደን ከዎርድፕረስ ይቀድማል። በ1990ዎቹ የማኪንቶሽ ኮምፒውተሮች ሲነሱ የሚጫኑ ኤክስቴንሽኖችም እንዲሁ ይጋጩ ስለነበር፣ ፕሮግራመሩ ጄፍ ሮቢን የሠራው ኮንፍሊክት ካቸር የተባለ ፕሮግራም ግማሾቹን እያጠፋና ኮምፒውተሩን እንደገና እያስነሳ ጥፋተኛውን ይፈልግ ነበር። ጥፋተኛው አንድ ብቻ ከሆነ ከ32 ኤክስቴንሽኖች መካከል በ5 ሙከራ መለየት ይቻላል። ግጭት ግን ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ አንዱ ሲገኝ የተጋጨው ጓደኛው ገና መታደን አለበት።

ስህተትን መደበቅ ለደኅንነት ነው የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው፤ መልእክቱ የፋይሉን አድራሻ ስለሚያሳይ ለሰርጎ ገብ ይጠቅማል። ይህ የሚሠራው ግን ለጎብኚው ነው፤ ባለቤቱ ለምን ይከለከላል? አቅም አልነበረም እንዳይባል፣ የመጨረሻውን ስህተት የሚያስታውሰው የፒኤችፒ ፈንክሽን የመጣው በ2006 ነው፤ ዎርድፕረስም ከ2011 ጀምሮ ያ ፈንክሽን ያለበትን ፒኤችፒ ግዴታ አድርጓል። በሜይ 2019 በዎርድፕረስ 5.2 እትም የወጣው የማገገሚያ ዘዴ የተሠራው በዚሁ ፈንክሽን ነው፤ ለጎብኚው አጭር ማስታወቂያ ያሳያል፣ ለባለቤቱ ደግሞ የትኛው ፕለጊን እንደወደቀ ከመግቢያ ሊንክ ጋር በኢሜይል ይልካል። ለ5.1 ታስቦ በደኅንነት ስጋት መዘግየቱ ትክክል ነበር፤ መከላከያ ፕለጊንን ሆን ብሎ የሚያስወድቅ ሰው ሊኖር ይችላልና። በዚህ ምክንያት የዘገየው ግን ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ከ2011 ወዲህ ያለፉትን ዓመታት አያስረዳም።

ኢሜይሉ የሚሄደው በቅንብሩ ውስጥ ወደተመዘገበው የአስተዳዳሪ አድራሻ ነው። ድረ ገጽ ያላችሁ ሁሉ፣ ያ አድራሻ ዛሬም የምትከፍቱት መሆኑን አረጋግጡ።