የመቅደላ ነጭ ሰማይ

የጉና ተራራን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ስታዩ ብዙ ጊዜ ደመናው ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል፤ ሣሩም መብራት የበራበት ያህል ነው። ዘዴው ኤችዲአር ይባላል። አንዱን ቦታ በተለያየ የብርሃን መጠን ደጋግሞ ማንሳት፣ ከዚያ ሰማዩን ከጨለማው ፎቶ፣ መሬቱን ከብሩሁ ፎቶ ወስዶ ማዋሃድ ነው። ስልክ የወለደው ይመስለናል እንጂ ሐሳቡ የቴዎድሮስ ዘመን እኩያ ነው።

ያኔ ፎቶ የሚነሳው ኮሎዲዮን በተቀባ መስታወት ላይ ነበር። ኬሚካሉ ለሰማያዊ ብርሃን እጅግ ንቁ፣ ለቀይና ለአረንጓዴ ግን ደንዛዛ ነው። መሬቱ በደንብ እስኪወጣ ከተጠበቀ ሰማዩ ይቃጠልና ነጭ ይሆናል። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ አጋማሽ መላ አገኘ፦ ለባሕሩ አንድ መስታወት፣ ለሰማዩ ሌላ፤ ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ አተማቸው። ይባስ ብሎ አንዱን ደመና ከአንድ በላይ ባሕር ላይ ተጠቀመበት። (ዛሬ ቢሆን ኮሜንት ላይ ይያዝ ነበር።)

በእነዚያው ዓመታት ደብረ ታቦር የንጉሡ መቀመጫ ናት። አጠገቧ ጋፋት ላይ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖልን አቀለጡ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጥለው፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ አቀኑ። መንገዱ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀ። የእንግሊዝ ጦር ደግሞ ከዙላ ወደብ ተነስቶ ሲመጣ በሰርጀንት ጆን ሃሮልድ የሚመራ የመሐንዲሶች ፎቶ ቡድን ይዞ ነበር። ዋና ሥራቸው ካርታና ንድፍ ማባዛት ነው፤ በዚያ ላይ ግን አገሩን አነሱ። መስታወቱ ሳይደርቅ መነሳትም መታጠብም አለበት፤ ስለዚህ ጨለማ ድንኳኑ፣ መድኃኒቱ፣ ውኃው ሁሉ ተራራ ለተራራ አብሮ ይጫናል።

ፎቶዎቹን እዩዋቸው። የገደሉ ጠርዝ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ድንኳኖቹ ይቆጠራሉ፤ ከላይ ግን አብዛኞቹ ባዶ ነጭ ናቸው። ሚያዝያ 3 ቀን የአሮጌ ውጊያ ሲካሄድ ዝናብና ነጎድጓድ እንደነበር የዘመቻው ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ያ ሰማይ በሃሮልድ መስታወቶች ውስጥ የለም። የተቃጠለችው ደብረ ታቦርም የለችም፤ ጦሩ በዚያ በኩል አላለፈም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ዋይኮፍ የኑክሌር ፍንዳታን ለማንሳት ንቃታቸው የተለያየ ሦስት ንብርብር ያለው ፊልም ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ደብቬክና ማሊክ ፎቶዎችን በኮምፒውተር የማዋሃጃውን ስሌት አሳተሙ፤ በ2010 አይፎን ውስጥ ገባ።

ዘዴውን መስደብ አይገባም። በደቡብ ጎንደር ክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆማችሁ በሩን በሩቁ አንሱት፦ ወይ ውጪው ይቃጠላል፣ ወይ የግድግዳው ሥዕል ይጨልማል። ዓይናችሁ ግን ሁለቱንም ያያል። እዚህ ላይ ኤችዲአር ለዓይን ይቀርባል። ችግሩ መጎተቻው እስከ መጨረሻው ሲጎተት ነው፤ የጉና ጫፍ ዙሪያውን ነጭ ብርሃን ያበቅላል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ለቅዱሳን አክሊለ ብርሃን ሲሥል አስቦ ነው፤ ተራራው ላይ ያለው ግን የሶፍትዌር ስህተት ነው። ስሟ ከታቦር ተራራ ለመጣ ከተማ ይህ ጨዋታ ትንሽ ያስቃል፣ የሚጎዳው ግን የለም።

የመቅደላ ፎቶ ላይ ሲሆን ግን እኔ አልስማማም። አንድ ልጅ በአሮጌው መስታወት ላይ ጥቁር ደመና ቢጨምርበት፣ ተመልካቹ የንጉሡን የመጨረሻ ሳምንት አየር ያየ ይመስለዋል። በዛሬ ካሜራ ጨለማ ውስጥ የተደበቀ ነገር ሻዶውን ከፍ ስታደርጉት ይወጣል፤ መረጃው እዚያ ስላለ ነው። የተቃጠለው የመስታወቱ ሰማይ ላይ ግን የሚወጣ ነገር የለም። ደመናው የሚመጣው ከሌላ ቦታና ከሌላ ቀን ነው።