ከዘጠነኛ ክፍል ወዲያ ያለው መንገድ

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ አንድ ነገር እንድጽፍ የማኅበራችን ኮሚቴ ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ንግድ ነበር። ጁባ ታውን ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ስለ ዕቃ ዋጋና ስለ ዶላር ምንዛሪ እንጂ ስለ ሌላ ምን ያውቃል? ይሁን እንጂ ሱቄ ደጃፍ ቆመው ከሚያወሩኝ ወላጆች ብዙዎቹ የሚያነሱት ሌላ ጉዳይ ነው። «ልጄን እዚሁ ላስጨርሰው ወይስ ካምፓላ ልላከው? አዲስ አበባ ብመልሰውስ የትኛው ክፍል ይገባል? ሳይንስ ይሻለዋል ወይስ አርት?» ይሉኛል። እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ነጋዴ ነኝ። ሆኖም በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መንገድ እንዴት ሲከፈትና ሲዘጋ እንደኖረ የማውቀውን ባካፍል ለልጆቻችን ጉዳይ ይጠቅማል ብዬ ብዕር አነሳሁ።

እንደሚታወቀው ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን እንደ አዲስ ሲያቋቁም መንገዱን ገና ከበሩ ለያይቶት ነበር። ተግባረ ዕድ በ1934 ዓ.ም.፣ የንግድ ሥራ ት/ቤት በ1935 ዓ.ም. ተከፈቱ። በዚያው በ1935 ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ጄኔራል ዊንጌት ተከተሉ። ኮተቤና ዊንጌት የገባ ልጅ ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ማትሪኩሌሽን ይዘጋጅ ነበር። ፈተናው በኋላ የራሳችን ሆኖ ስሙ ቢቀየርም እኛ ግን እስከ መጨረሻው «ማትሪክ» ስንል ኖረናል። የእጅ ሙያ የሚማረውና ለቢሮና ለዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው በየግቢያቸው ስለነበሩ አንዱ የሌላውን ትምህርት የሚያይበት ዕድል አልነበረውም።

አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የሚባለው ሐሳብ የመጣው ይህንን ግድግዳ ለማፍረስ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ትምህርቱ ስድስት ዓመት አንደኛ፣ ሁለት ዓመት መለስተኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ተብሎ ተደለደለ። በአንድ ግቢ ውስጥ ከአካዳሚው ጎን የንግድ ሥራ፣ የእንጨትና የብረት ሥራ፣ የቤት አያያዝና የእርሻ ትምህርት እንዲሰጥ ተወሰነ። የዓለም ባንክም በ1958 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ትምህርት የመጀመሪያ የሆነውን 7.2 ሚሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ፤ ገንዘቡ ከዋለባቸው ነገሮች አንዱ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶችን መሥራት ነበር። አሳቡ ቀና ነበር፤ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ሁሉን ይቀምሳል፣ አሥራ አንደኛ ሲደርስ ያዘነበለበትን ይይዛል።

ችግሩ ወላጅ ጋ ነበር፤ በወላጅ መፍረድ ግን ይከብደኛል። በ1964 ዓ.ም. «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ተጠናቆ ቀረበ። አብዛኛው ሕፃን አራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይማር፣ ከዚያ በአካባቢው ሥራና ሙያ ይሰማራ፣ ወደ ላይ የሚያልፈው ጥቂቱ ይሁን የሚል ነበር። ወረቀት ላይ ሲታይ ለገጠሩ ሕፃን ሁሉ ትምህርት ማዳረስ ነው። ከተማ የተሰማው ግን «የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቁም» ተብሎ ነው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፣ በዚያው ቀን የታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ምክንያት አድማ መቱ፤ መንግሥት ጥናቱን ለጊዜው አቆየሁ ቢልም ነገሩ አልበረደም። አብዮቱ ሲነሳ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ አንደኛው ግን የልጆች ትምህርት መንገድ መሆኑን ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኔ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ታላቅ ወንድሜ ድንጋይ ወርውሮ መጥቶ አልጋ ሥር መደበቁ ብቻ ትዝ ይለኛል።

በደርግ ዘመን እኔም በተራዬ ከአጠቃላይ ት/ቤቶች በአንዱ ገባሁ። ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም የማወራው ወቀሳ አለበት። አሥረኛ ክፍል ስንጨርስ ድልድሉ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ማንም ምን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀኝ ሳይኖር «ንግድ ሥራ» ውስጥ ስሜን አገኘሁት። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሲሰማ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «መቀስማ እኛም ቤት አለ፤ ት/ቤት የሰደድኩህ የእጅ ሥራ ልትማር ነው?» አለኝ። ንግድ ሥራ ማለት የመዝገብ አያያዝና ታይፕ መሆኑን ባስረዳውም አልተዋጠለትም። ደግሞም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ከስድስት የታይፕ መኪና ሁለቱ ብቻ ይሠሩ ነበር፤ እኛ ተራ ስንጠብቅ የሳይንስ ክፍል ልጆች ፊዚክስና ሒሳብ ላይ ይገፉ ነበር፤ ማትሪክ ግን ለሁላችንም መጣ። በ1979 ዓ.ም. ተፈተንኩ፣ ነጥቡ አልመጣልኝም። መንገዱ ሁለት ነው ተብሎ መጨረሻ ላይ የሚለካው በአንዱ ብቻ ከሆነ ወላጅ ሁለተኛውን መንገድ ቢሸሽ ምን ይገርማል?

ይሁንና ከ1997ቱ የሱዳን የሰላም ስምምነት በኋላ እዚህ ጁባ ስመጣ፣ ከሻንጣዬ ጋር ያመጣሁት ሀብት ያ የተናቀው የመዝገብ አያያዝ ነው። በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ ጦርነቱ ሲነሳና በ2008 ሐምሌ ሲደገም ዱቤ የወሰደ፣ ዱቤ የሰጠ፣ ከተማውን ለቆ የሄደ ብዙ ነበር። ስንመለስ ማን ስንት እንዳለበት በቀንና በስም የጻፍኩበት ደብተር ነበረኝ። ዕዳው ሁሉ ተከፈለኝ ማለቴ አይደለም።

አገር ቤት ደግሞ ነገሩ ሁለት ጊዜ ተገለበጠ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ አሥረኛ ክፍል ላይ መለያ አቆመ። ነጥብ የመጣለት መሰናዶ፣ ያልመጣለት 10+1፣ 10+2፣ 10+3 እያለ ቴክኒክና ሙያ ገባ። ሙያ እንደገና የወደቀ ሰው ማረፊያ ሆነ ማለት ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀረ፣ አራት ዓመቱም እንደገና አንድ ሆነ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ግብርናን የመሰለ ሙያ ነክ ትምህርት ገብቷል። በጥቅምት 2015 ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሰጥ ግን ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ልጆች ሌላው መንገድ የት ነው ብለው ቢጠይቁ መልስ ያስፈልጋቸዋል።

እዚህ ባለንበት ያለው ምርጫ ደግሞ ከአንድ አገር በላይ ነው። የደቡብ ሱዳን ትምህርት ስምንት ዓመት አንደኛ፣ አራት ዓመት ሲኒየር ሲሆን በ2015 እ.ኤ.አ. የራሷን አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ይፋ አድርጋለች። የዚህ አገር ሽማግሌዎች በ1948 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን የሩምቤክ ሁለተኛ ደረጃን ሲያነሱ እኛ ዊንጌትን እንደምናነሳው ነው። በኡጋንዳው ሥርዓት ልጁ ሲኒየር አራት ተፈትኖ፣ ከዚያ ለሁለት ዓመት ሦስት ዋና ትምህርት መርጦ ይይዛል። ኬንያ ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሥረኛ ክፍል ለሚገቡት ሦስት መንገድ ከፍታለች፤ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ኪነ ጥበብና ስፖርት። ወላጆች ሆይ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሀል ላይ ማዘዋወር ውድ ነው። ልጁን ከማንሳታችሁ በፊት ያለፈበት ክፍል በሚሄድበት አገር ከየትኛው ጋር አቻ እንደሚሆን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የየዓመቱን የውጤት ካርድ ዋናውን አትጣሉ። በአሥራ ሁለተኛ ዓመቱ ወደ አገር ቤት ለሚመለስ ልጅ አማርኛ ማንበብ ራሱ ፈተና እንደሚሆንም አትርሱ።

የእኔ ልጅ በኡጋንዳው ሥርዓት ነው የተማረችው። ሲኒየር አራትን አልፋ ሦስቱን ስትመርጥ ኢኮኖሚክስ፣ ጂኦግራፊና ኢንተርፕረነርሺፕ ጽፋ መጣች። ከአፌ ቀድሞ የወጣው «ለምን ሳይንስ አልሆነም?» የሚል ነበር። ወዲያው የአባቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ መቀሱን ሲያስቀምጥ ጭምር ታየኝ። ቅጹ ላይ ፈረምኩ። አሁን በዕረፍት ስትመጣ የሱቁን ሒሳብ ኮምፒውተር ላይ ትገለብጣለች፣ እኔ ደብተሬን አልተውኩም፣ ወር ሲያልቅ ሁለቱን እናመሳክራለን። ባለፈው ጊዜ ልዩነት ተገኝቶ ግማሽ ቀን ፈለግነው። የተሳሳተው ደብተሬ ነበር።