ዳታቤዙ ስለ ራሱ የሚነግረንና የማይነግረን፦ ክላስን ከቴብል የማውጣት አጭር ታሪክ

ከቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «መሥሪያ ቤቱ የቆየ ዳታቤዝ አለው። አዲስ ሲስተም ሥሩበት ተባልን። ክላሶቹን አንድ በአንድ በእጃችን እንጻፍ ወይስ መሣሪያው ያውጣልን?»

አጭሩ መልስ «መሣሪያው ያውጣላችሁ» ነው። ረጅሙ መልስ ግን ታሪክ አለው። ታሪኩን ያላወቀ ሰው መሣሪያው የሰጠውን ኮድ እንዳለ ያምናል፤ ከወራት በኋላ ዳታው ሲምታታ ምክንያቱ ይጠፋዋል። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መጀመሪያ ነገሩን እናስቀምጠው። ዳታቤዝ ውስጥ ያለው ቴብል ነው፣ ረድፍና ኮለም። ፕሮግራማችን ውስጥ ያለው ደግሞ ኦብጀክት ነው፣ ደንበኛ፣ ትእዛዝ፣ ደረሰኝ። ሁለቱን የሚያስተረጉመው ሶፍትዌር ኦአርኤም ይባላል። አዲስ ሥራ ስንጀምር ክላሱን እንጽፍና ቴብሉ ከክላሱ ይወጣል። ቴብሉ ቀድሞ ሲኖር ነገሩ ይገለበጣል፤ ክላሱ ከቴብሉ መውጣት አለበት። እንግዲህ ጥያቄው መሣሪያው ይህን ሁሉ ከየት ያነበዋል የሚለው ነው።

መልሱ ኤድጋር ኮድ ዘንድ ይወስደናል (ኮድ የሰውየው ስም ነው፤ እኛ የምንጽፈው ኮድ አይደለም)። እንግሊዝ አገር ተወልዶ አሜሪካ ሳን ሆዜ በሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ የሠራ የሒሳብ ሰው ነው። ዛሬ የምንጠቀምበትን በቴብል ላይ የቆመ ሞዴል ለዓለም ያቀረበው በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ነው። በ1985 ደግሞ፣ ምርታቸውን ሁሉ «ሪሌሽናል» እያሉ የሚሸጡ ኩባንያዎች ሲበዙ፣ እውነተኛውን ከስመ ብቻው የሚለዩ ደንቦችን በኮምፒዩተርወርልድ ላይ አወጣ። ለዛሬው ወሬያችን የሚያስፈልገን አራተኛው ደንብ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ዳታቤዙ ስለ ራሱ ያለው መረጃ (ምን ምን ቴብል አለ? የትኛው ኮለም በየትኛው ቴብል ውስጥ ነው?) ራሱ በቴብል ተቀምጦ፣ እንደ ማንኛውም ዳታ በዚያው ቋንቋ መጠየቅ አለበት።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም። ኤስኪውኤልን የወለደው የአይቢኤም ሲስተም አር በ1970ዎቹ ይህን ዓይነት መዝገብ በቴብል ይይዝ ነበር። በ1992 የወጣው የኤስኪውኤል ደረጃ «ኢንፎርሜሽን ስኪማ» ብሎ አንድ ወጥ ቅርጽ ሰጠው። ፖስትግሬስ በ7.4 እትሙ በ2003፣ ማይኤስኪውኤል በ5.0 እትሙ በ2005 ተቀበሉት። ኦራክል እስከ ዛሬ የራሱን መንገድ ይከተላል። እናንተ አንድ ትእዛዝ ጽፋችሁ መቶ ክላስ ሲወጣላችሁ፣ መሣሪያው የሚያደርገው ይህንን መዝገብ ጠይቆ መልሱን በፓይተን ወይም በሲ ሻርፕ መልሶ መጻፍ ብቻ ነው።

ሥራውም ከኦብጀክት ዘመን በፊት ነበረ። የአይቢኤሙ ዲቢ2 «ዲሲኤልጄን» የሚባል መሣሪያ አለው። የቴብል ስም ትሰጡታላችሁ፤ እሱ ከመዝገቡ አንብቦ ለኮቦል ፕሮግራም የሚሆነውን የዳታ አገላለጽ ጽፎ ይሰጣችኋል። ክላስ የለ፣ ኦብጀክት የለ። የቸገራቸው ግን እኛን የሚቸግረን ነገር ነው፦ አንድን ነገር ሁለት ቦታ መጻፍ፣ ከዚያ አንዱ ሲቀየር ሌላውን መርሳት።

በ1990ዎቹ ኦብጀክት ሲመጣ ችግሩ ከበደ። ኦታዋ ካናዳ የነበረው ዘ ኦብጀክት ፒፕል የተባለ ኩባንያ ቶፕሊንክን መጀመሪያ ለስሞልቶክ፣ ቀጥሎ ለጃቫ ሠራ። ስቲቭ ጆብስ ከአፕል ወጥቶ ያቋቋመው ኔክስት ደግሞ በ1994 ኢንተርፕራይዝ ኦብጀክትስ ፍሬምወርክን አወጣ። አብሮት የመጣው ኢኦሞዴለር ካለ ዳታቤዝ ጋር ተገናኝቶ ቴብሎቹን አንብቦ ሞዴሉን ይሠራ ነበር፤ ከሞዴሉም የክላስ ፋይል ያወጣ ነበር። ዛሬ አዲስ የሚመስለን ነገር ያኔ በመስኮት ላይ በማውስ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

በ1997 ጃቫ 1.1 ከጄዲቢሲ ጋር ሲመጣ፣ የየትኛውንም ዳታቤዝ መዝገብ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ማንበብ ተቻለ። በ2001 ጋቪን ኪንግ የተባለ አውስትራሊያዊ ሃይበርኔትን ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የትኛው ክላስ ከየትኛው ቴብል ጋር እንደሚገናኝ የሚጻፈው በኤክስኤምኤል ነበር። ሁለት መቶ ቴብል ላለው ሰው ይህ የጣት ሥራ መከራ ስለነበረ፣ ፋይሎቹን ከዳታቤዙ የሚያወጡ መሣሪያዎች ተከተሉ።

ከዚያ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። በ2004 ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን ሩቢ ኦን ሬልስን ሲያወጣ፣ ኮድ ማውጣት ጨርሶ አያስፈልግም አለ። ክላሱን ባዶውን ጻፈው፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ ኮለሞቹን ራሱ ከዳታቤዙ ያነባቸዋል። በ2005 ደግሞ፣ ካንሳስ ውስጥ በሎረንስ ከተማ ጋዜጣ ቤት የተሠራው ጃንጎ ለሕዝብ ተለቀቀ። እሱ በተቃራኒው ቆመ፦ እውነቱ የሚጻፈው ክላሱ ውስጥ ነው። ዳታቤዙ ቀድሞ ላለው ሰው ግን «ኢንስፔክትዲቢ» የሚባል ድልድይ አበጀለት፤ መዝገቡን አንብቦ ክላሶቹን ይጽፍለታል። በ2006 የመጣው የማይክ ባየር ኤስኪውኤልአልኬሚ ቴብሎችን ሲነሳ የማንበብ ችሎታ ነበረው፤ በ2014 ደግሞ ግንኙነቶቹን ጭምር ከመዝገቡ የሚገነባው «አውቶማፕ» ተጨመረለት። ማይክሮሶፍትም በ2007 ሊንክ ቱ ኤስኪውኤልን፣ በ2008 ኢንቲቲ ፍሬምወርክን አወጣ፤ ሁለቱም ካለ ዳታቤዝ ክላስ ማውጣት ይችላሉ።

እስከዚህ ያለው የስኬት ታሪክ ነው። አሁን የሚቆጨው ክፍል ይመጣል።

መሣሪያው የሚያነበው መዝገቡን ነው ብለናል። መዝገቡ የሚያውቀው ደግሞ የተነገረውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከሃያ ዓመት በፊት ዳታቤዙን የሠራው ሰው ያልነገረውን ነገር የትኛውም መሣሪያ ሊነግራችሁ አይችልም።

ትልቁን ምሳሌ ልስጣችሁ። ማይኤስኪውኤል እስከ 5.5 እትሙ፣ ማለትም እስከ 2010 ድረስ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር ቴብል የሚፈጥረው ማይአይሳም በሚባል ዘዴ ነበር። ማይአይሳም ፎሪን ኪ አያውቅም። አለማወቁ ባልከፋ፤ ፎሪን ኪ ብላችሁ ስትጽፉለት ግን ስህተት አይልም፣ እሺ ብሎ ተቀብሎ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ፕሮግራመሩ ጽፌዋለሁ ብሎ ያምናል፤ መዝገቡ ውስጥ ግን ምንም የለም። በእነዚያ ዓመታት በፒኤችፒና በማይኤስኪውኤል ስንት ሲስተም እንደተሠራ እናንተው ታውቃላችሁ። እንደዚህ ባለ ዳታቤዝ ላይ ኢንስፔክትዲቢን ስታስነሱት፣ የደንበኛ መለያ ቁጥሩ ተራ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። ትእዛዙና ደንበኛው አይተዋወቁም። ኮዱ ይሠራል፣ ስህተት አያሳይም፤ ግን ደንበኛው ሲሰረዝ ትእዛዞቹ ባለቤት አልባ ሆነው ይቀራሉ። በወሩ መጨረሻ ሪፖርቱ ሲወጣ ድምሩ አይገጥምም። ያን ጊዜ የሚወቀሰው ደግሞ አዲሱ ሲስተም ነው፣ አዲሱ ልጅ ነው።

የዓይነትም ጉዳይ አለ። ማይኤስኪውኤል «እውነት ወይም ሐሰት» የሚለውን የሚያስቀምጠው እንደ ትንሽ ቁጥር ነው። ስለዚህ መሣሪያው አዎ ወይም አይ መሆኑን ይገምታል እንጂ አያውቅም።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ደግሞ ሌላ አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን በዳታቤዙ የቀን ዓይነት ውስጥ አይገባም፤ ጳጉሜን 3 ብትሉት አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ይላችኋል። ስለዚህ እንደ ጽሑፍ የተቀመጠበት ዳታቤዝ ያጋጥማችኋል። መሣሪያው «ጽሑፍ ነው» ብሎ ያወጣዋል፤ እውነቱንም ነው። ቀን መሆኑን፣ ያውም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ የሚያውቀው ያስገባው ሰው ብቻ ነው። በቀን ቅደም ተከተል ደርድሩ ስትሉት በፊደል ተራ ይደረድረዋል፤ 10 ከ2 ይቀድማል።

ስሙም አለ። የሬልስ የስም ደንብ የእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥርን ይከተላል፤ የቴብሉ ስም መጨረሻ ላይ «ስ» ካለ ብዙ ቁጥር ነው ብሎ ይቆርጣታል። «ውርስ» የሚል ቴብል በላቲን ፊደል ተጽፎ ከሆነ ክላሱን «ውር» ይለዋል። ይህኛው ያስቃል እንጂ አይጎዳም፤ ግን መሣሪያው የሚገምተው በማን ቋንቋ እንደሆነ ያሳያል።

መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ይህን ሁሉ ያውቁታል። ኢንስፔክትዲቢ የሚያወጣው ፋይል ራስጌ ላይ «ይህን በእጅህ አስተካክል» የሚል ማሳሰቢያ አለ። ቴብሎቹን ጃንጎ ራሱ እንዳይፈጥርና እንዳያጠፋም አስቀድሞ ይዘጋቸዋል። ፎሪን ኪ ቢያገኝ እንኳ፣ ባለቤቱ ሲሰረዝ ምን ይደረግ ለሚለው «ምንም አታድርግ» ብሎ ይጽፋል፤ ውሳኔው የእናንተ ነው ማለቱ ነው። ማሳሰቢያውን ሳያነብ የሚያልፈው ሰው ነው።

ሌላ የቆየ ትምህርት አለ። ከመሣሪያ የወጣ ኮድ ላይ በእጃችሁ ብትጨምሩና ነገ ዳታቤዙ ተቀይሮ እንደገና ብታወጡት፣ የጨመራችሁት ሁሉ ይጠፋል። ጆን ቭሊሲደስ በ1990ዎቹ መፍትሔ ጽፎለት ነበር፦ የወጣውን ኮድ አትንኩት፣ ከእሱ የሚወርስ ሌላ ክላስ ሠርታችሁ የራሳችሁን እዚያ ጻፉ። ሲ ሻርፕ በ2005 አንድን ክላስ በሁለት ፋይል መክፈል የፈቀደውም ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው፤ አንዱ ፋይል የመሣሪያው፣ ሌላው የሰው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። መሣሪያውን ተጠቀሙ፤ መቶ ቴብል በእጅ መጻፍ ጀግንነት አይደለም። ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቁ።

አንደኛ፣ በዳታቤዙ ቅጂ ላይ ሥሩ፤ ዋናውን አትንኩ።

ሁለተኛ፣ ክላስ ከማውጣታችሁ በፊት የተደበቁትን ግንኙነቶች ፈልጉ። የኮለም ስሞችን ተመልከቱ፣ የድሮውን ኮድ አንብቡ፣ ከሁሉ በላይ ግን ሲስተሙን በየቀኑ የሚጠቀሙትን ሰዎች ጠይቁ። መዝገብ ቤት ያሉት እናት ከመዝገቡ የበለጠ ያውቃሉ።

ሦስተኛ፣ ባለቤት አልባ የሆኑ ረድፎችን ቁጠሩ። ቁጥሩን ለአለቃችሁ በጽሑፍ ስጡ፤ ችግሩ ከእናንተ በፊት እንደነበረ የሚመሰክርላችሁ እሱ ነው። እነሱ ሳይስተካከሉ ፎሪን ኪ ልጨምር ብትሉ ፎሪን ኪ የሚያውቅ ዳታቤዝ እምቢ ይላል፤ እምቢ ማለቱም ትክክል ነው።

አራተኛ፣ ፎሪን ኪውን ዳታቤዙ ውስጥ አስገቡ። ቴብሎቹ ፎሪን ኪ በሚያውቅ ዘዴ የተሠሩ ከሆነ አሁን መዝገቡ እውነቱን ያውቃል። መሣሪያውን ማስነሳት ከዚህ በኋላ ነው።

አምስተኛ፣ የወጣውን ለብቻው፣ የጻፋችሁትን ለብቻው አስቀምጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። የድሮውን ዳታቤዝ ስታዩ የሠራውን ሰው ለመሳደብ አትቸኩሉ። ፎሪን ኪ ጽፎ ዳታቤዙ በዝምታ የጣለበት ሰው ሊሆን ይችላል። እሱ ያልነገረውን መሣሪያው አይነግራችሁም ብለናል፤ እናንተም ዛሬ መዝገቡ ላይ ያላሰፈራችሁትን፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ወንበራችሁ ላይ ለሚቀመጠው ልጅ የሚነግርለት አይኖርም። ስለዚህ ጻፉለት። ፎሪን ኪውን፣ የኮለሙን ማብራሪያ፣ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉለት።

በቆየ ዳታቤዝ ላይ እየሠራችሁ ያጋጠማችሁን ጉድ ኮሜንት ላይ አካፍሉን፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም ግን አትጥቀሱ። መልካም ሳምንት!