ቀለህ አይጣልም

ባለፈው እሑድ ቃሊቲ ነበርኩ። የታሰረ ወዳጅ ስላለኝ ስንቅ ይዤ ሄጄ ነው። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ጠያቂ ሆኖ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ስልክህን በር ላይ አስቀምጠህ፣ ፌስታልህን አንጠልጥለህ ተራ ስትጠብቅ አጠገብህ ካለ ሰው ጋር ከመጫወት ሌላ ሥራ የለህም። ከፊቴ የቆሙት ጋቢ የለበሱ አባት ከመርሐቤቴ ነው የመጡት። ልጃቸው ፈቃድ የሌለው ጥይት ሲያዘዋውር ተይዞ ተፈርዶበታል።

«ብዙ ጥይት ነበር እንዴ አባባ?» አልኳቸው።

«እሱን ተወው ልጄ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። አባቴ በጣሊያን ጊዜ ቀለህ እየሰበሰበ፣ ጥይት በእጁ እየሞላ ለአርበኛ ሲያድል ኖሮ ሜዳይ ተሸለመ። የእኔው ደግሞ ፋብሪካ የሞላውን ገዝቶ ቢሸጥ እዚህ ገባ።»

«በእጁ» የሚለው ቃል ያዘኝ። እንዴት ነበር የሚሞሉት? ካፕሱሉንስ ከየት ያመጡ ነበር?

ሳቁ። «አንተ ልጅ! እዚህ በር ላይ ቆመን ነው ይሄን የምነግርህ?»

እውነታቸውን ነው። ነገሩ ግን ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀኝም። የዚህ ቻናል ቤተሰቦች ረጅም ጽሑፍ ስለለመዳችሁ ያነበብኩትንና ያሰብኩትን ላውጋችሁ።

ባሕር ማዶ ባሉ አዳኞች ዘንድ የማያልቅ ክርክር አለ፤ ለአደን ጠመንጃ የሚሻለው በእጅ የተሞላ ጥይት ነው ወይስ የፋብሪካ? ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለህ፣ ካፕሱል፣ ባሩድና አረር። ከተተኮሰ በኋላ የሚተርፈው ቀለሁ ብቻ ነው፤ እሱም ዋናው ወጪ ነው። ትርፍ ጊዜና ጥሩ ሚዛን ያለው ሰው ያንኑ ቀለህ ለራሱ ጠመንጃ በሚስማማ ልክ መልሶ ይሞላዋል፤ ባሩዱን በትንሹ ጨምሮ ወይ ቀንሶ፣ አረሩን መርጦ። እንዲህ ያለው ጥይት ከፋብሪካው የበለጠ ሊያነጣጥር ይችላል። የፋብሪካው ብልጫ ደግሞ እምነት ነው፤ የዛሬው ከትናንቱ አይለይም፣ ዝናብ ቢመታውም ይተኩሳል። ባሌና አርሲ ተራራ ላይ ደጋ አጋዘን ለማደን ብዙ ሺህ ዶላር ከፍሎ የሚመጣ የውጭ አዳኝ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ነው የሚመጣው። በአውሮፕላን የሚፈቀድለት 5 ኪሎ ጥይት ስለሆነ፣ እዚህ ከደረሰ በኋላ ቢጸጸት የሚረዳው የለም።

ለእሱ ምርጫ ነው። ለእኛ አባቶች ጥያቄው ሌላ ነበር።

በአፈሙዝ በሚጎረሰው ነፍጥ ዘመን ሁሉም ጥይት በእጅ የሚዘጋጅ ነበር። ባሩዱ ከድኝ፣ ከከሰልና ከጨው ድንጋይ መሰል ማዕድን አገር ውስጥ ይቀመማል፤ እርሳሱ ይቀለጣል። ጠመንጃውን ከውጭ ብታመጣም ጥይቱ ያንተ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ሜዳ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲገናኝ የተለወጠው ይህ ነው። እንግሊዞች ከኋላ የሚጎርሰውን፣ ቀለህ ያለውን ስናይደር ጠመንጃ ይዘው መጡ። የእኛ ሰው አንድ ጊዜ ተኩሶ እስኪጎርስ እነሱ ደጋግመው ይተኩሳሉ። ያን ጠመንጃ አገራችን በኋላ «ሰናድር» ብላ ተቀበለችው።

ከዚያ ወዲህ ጥይት የሚመጣው ከባሕር ነው። ምኒልክ ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። በ1885 ዓ.ም. ከጣሊያን 2 ሚሊዮን ጥይት ተረከቡ፤ በዚያው ዓመት የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቁ። (ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። ላኪው አገር ሒሳቡን ሲሠራ ምን ተሰምቶት ይሆን?)

በዚህ መሐል የገባው ጠመንጃ ግን የተለየ ፍቅር አገኘ። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. የሠሩት፣ በ1886 በለበን ሲተኩት ያራገፉት «ፉዚ ግራ»፤ የእኛው ውጅግራ። አንዴ ብቻ የሚጎርስ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሲተኩስ ጭሱ ሰማይ የሚሸፍን መሣሪያ ነው። ፈረንጅ ሲጽፍ «ያረጀ ዕቃ ተራገፈባቸው» ይላል። ልክ ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው። ውጅግራ የሚጎርሰው ጥቁር ባሩድና የእርሳስ አረር ነው። ሁለቱንም የአገር ባለሙያ ያውቃቸዋል። ቀለሁ ወፍራም ናስ ስለሆነ አንዴ ተተኩሶ አይሞትም፤ ታጥቦ፣ ተስተካክሎ፣ ካፕሱሉ ከተገኘለት እንደገና ይሞላል። በደቡብና በምዕራብ ገበያዎች የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረውም በከንቱ አይደለም። ዋጋ ያለው፣ የማይበሰብስ፣ ሁሉም የሚፈልገው ዕቃ ነበር። ቀለህ የሚጥል ሰው ብር የሚጥል ሰው ነው።

በአደኑም በኩል እንየው። የያኔው ዝሆን ገዳይ የውጅግራ አረር ክብደቱ 25 ግራም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ነው። ያም አዲስ የፋብሪካ ጥይት ሲሆን ነው፤ በእጅ የተሞላው ከዚህ ያንሳል። ለስላሳ እርሳስ ለዝሆን ራስ ቅል ስለሚቸግረው አዳኙ እጅግ መጠጋት ነበረበት። በዚያው ዘመን አዲስ አበባን አቋርጦ በጎሬ በኩል ወደ ጌሎ ወንዝ የወረደ ካራሞጆ ቤል የሚባል ስኮትላንዳዊ አዳኝ ነበር። በዕድሜው ከ1,000 በላይ ዝሆን የገደለ ሰው ነው፤ አብዛኛውንም በ7 ሚሊ ሜትር ቀጭን ጠመንጃ። የእሱ አረር 11 ግራም ብቻ ነው፤ ግን በሰከንድ 700 ሜትር ይበራል፣ ቀጥ ብሎም ይገባል። ቤል የሚመካው በጀርመን ፋብሪካ ጥይቱ ነበር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም የሚተኩስ። ስለዚህ ንጹሕ ውድድር ከሆነ ፋብሪካው ያሸንፋል። አባቶቻችንን ለማክበር ስንል ይህን መካድ የለብንም።

በእጅ የተሞላው ጥይት አንዱ ሲበረታ ሌላው ይደክማል፤ ባሩዱ እርጥበት ይስባል፤ ይከሽፋል። «ከሸፈ» የሚለው ቃላችን ራሱ የጠመንጃ ቃል ነው፤ ቃታ ስበህ ሳይተኩስ ሲቀር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ2005 ዓ.ም. ለመጽሐፋቸው «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» የሚል ርዕስ ሲሰጡ ከዚሁ ነው የተበደሩት። እሳቸውም ከ1997 ምርጫ ማግሥት እዚሁ ቃሊቲ ታስረው እንደነበር ወረፋው ላይ ቆሜ ትዝ አለኝ።

ነገሩ የሚመረው በ1927 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ «ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም» አሉ። ፍትሐዊ ይመስላል። ጣሊያን ግን የራሷ ፋብሪካ አላት፤ እገዳው የነካው ኢትዮጵያን ብቻ ነው። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ቢነሳም ጊዜው አልፏል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ የተሰለፈው ሠራዊት ውጅግራውን፣ ለበኑን፣ ሞዘሩንና ምንሽሩን ቀላቅሎ ነው የወጣው። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ ጎረቤትህ ዝናሩ ሙሉ ሆኖ አንተ ባዶህን ልትቀር ትችላለህ።

ከማይጨው በኋላ አርበኛው ዱር ገባ። ያኔ ለበኑና ሞዘሩ ጉዳቸው ወጣ። የእነሱ ጥይት የሚሞላው ጭስ በሌለው ባሩድ ነው፤ ያን ደግሞ በጎጆ ውስጥ መቀመም አይቻልም። ከማረክህ ትተኩሳለህ፣ ካልማረክህ ዱላ ይዘሃል። ስለዚህ ማንም የናቀው አሮጌው ውጅግራ እንደገና ተፈለገ። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ጥቁር ባሩድ ሲተኮስ ከቁጥቋጦው በላይ ነጭ ጭስ ይነሳል፤ የጣሊያን መትረየስ ወደዚያ ጭስ ይዞራል። አንድ ጥይት ተኩሰህ ቦታ ካልቀየርክ አለቀልህ። ከሸፈ ደግሞ ያው ነው። የመርሐቤቴው አባት አባት ሲሞሉት የኖሩት ጥይት ይህን ነበር የተሸከመው።

ሌላው የጥይት መንገድ በከተማ በኩል ነበር። እነ ሸዋረገድ ገድሌ ከአዲስ አበባ የፋብሪካ ጥይትና መድኃኒት እየደበቁ ለአርበኛው ያስወጡ ነበር። ሸዋረገድ በዚህ ተይዘው ተሠቃዩ፣ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታሰሩ፤ ሲመለሱም እንደገና ወደ ትግሉ ገቡ። ያኔ አንድ ዝናር ጥይት ስንት ሰው ያሳስር እንደነበር አስቡት።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት የራሱን ጥይት ወደመሥራት ሄደ፤ በደርግ ዘመን አምቦ አቅራቢያ የተተከለው ሆሚቾ የዚያ መንገድ አንዱ ፍሬ ነው። ቀለህ ሞይው ባለሙያም ተረሳ። ዛሬ ጥይት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሥር ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው። እኔ ከአዋጁ ጋር ጠብ የለኝም። በየገጠሩ የሚሸጠው የክላሽ ጥይት የማንን ደረት እንደሚያገኝ ሁላችንም እያየን ነው፤ የልጅየውን ንግድ ከአያቱ ሥራ ጋር ማመሳሰል አልችልም፤ አያቱ አልሸጡም። ለአባትየው ግን ይህን አልነገርኳቸውም። ልጃቸው ውስጥ ነው፤ እሳቸው ሽሮና ዳቦ ይዘው ቆመዋል።

ተራቸው ሲደርስ የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ያ ሁሉ ቀለህ የት ደረሰ?

«እንስራ ሙሉ ነበር። አባቴ ሲሞት እናቴ ለአንጥረኛ ሰጠችው።» አንገታቸው ላይ ያለውን የናስ መስቀል ከጋቢው ውስጥ አወጡ። «ይሄ ከዚያ ነው።»

ፈታሹ መስቀሉን አየት አድርጎ በእጁ ምልክት ሰጣቸው፤ ገቡ።