ቅጥሩ ሲፈርስ ተጠያቂው ማን ነው? የሒስባ ሹምና የከተማ ነዋሪ በአል-ማወርዲ ዘንድ

ሒስባ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ሚዛን የሚፈትሸውን የገበያ ሹም ነው። በ450 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1058) ያረፉት ሻፊዒዩ ቃዲ አል-ማወርዲ ግን «አል-አሕካም አስ-ሱልጣኒያ» በተሰኘው ኪታባቸው የሙሕተሲቡን ኃላፊነት ከዚህ ያሰፉታል።

የከተማው ውኃ ቢቋረጥ፣ ቅጥሩ ቢፈርስ ወይም የተቸገረ መንገደኛ ረዳት ቢያጣ፣ በይቱል ማል ገንዘብ እስካለው ድረስ ወጪው የእርሱ ነው። በይቱል ማሉ ሲጎድል ግን ግዴታው አቅም ያላቸው ነዋሪዎች ሁሉ የጋራ ይሆናል፤ ከመካከላቸው አንዱ ተነጥሎ አይታዘዝም። ነዋሪዎቹ ሥራውን ራሳቸው ከጀመሩት የሙሕተሲቡ የማዘዝ መብት ይቀራል። የፈረሰውን ለመሥራት ፈቃድ አይጠይቁም፤ ያረጀውን የከተማ ቅጥር ወይም ጃሚዕ መስጊድ ለማፍረስ ግን የበላይ ባለሥልጣኑን ማስፈቀድ አለባቸው።

ኪታቡ የሚነግረን መሆን የሚገባውን እንጂ በየከተማው የሆነውን አይደለም። ቅደም ተከተሉ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል፦ ሹሙ ከሕዝብ ኪስ አይጀምርም፤ ሕዝቡም እጁን አጣጥፎ ሹም አይጠብቅም። ዛሬም በየመስጊዱ መዋጮ ሲጠራ ዓይን ሁሉ በአንድ ነጋዴ ላይ የሚያርፍ ከሆነ፣ ይህን ምዕራፍ ለደረሶቻችን ደግመን ማስቀራት ይኖርብናል።